የቱርሚ ሰኞ

አንድ ሕግ ዐዋቂ ጌታችንን ሊፈትነው ተነሥቶ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ እንዲነግረው እንደ ጠየቀ ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ10ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ጌታችንም የቃል ፍች በመስጠት ፈንታ አንድ መንገድ አሳየው። መንገዱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ ነው፤ በእርሱም ላይ፣ ወንበዶቹን ሳንቆጥር፣ አራት ሰዎች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ፤ ይኸውም የቈሰለው፣ ካህኑ፣ ሌዋዊውና ሳምራዊው ናቸው። ይህን ወንጌል በዐውደ ምሕረት ስንተረጕም ሳምራዊውን እናመሰግናለን፤ ካህኑንና ሌዋዊውንም እንወቅሳለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አድርጌ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ስተረጕም ራሴን ከማን ጋር አቁሜው እንደ ነበር የተረዳሁት ከጂንካ ወደ ቱርሚ በምትሄድ አንዲት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ለአንባብያን ማካፈል የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ቱርሚ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በሐመር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማዳረስ ብዙ ጊዜ አትፈጅም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ሰኞ፣ ገበያዋ ሲቆም ታላላቅ ከተሞች በየሰፈሩ ከፋፍለው የሚያኖሩትን ልዩ ልዩ ሕዝብ እርስዋ በአንድ ሜዳ ላይ ታቆመዋለች። ሐመሮች ከየተራራውና ከየመንደሩ ይወርዳሉ፤ በሻዳዎችም ይመጣሉ። ከኦሞ ወንዝ ዳር የሚመጣ ካራ አለ፤ ከኦሞራቴ መንገድ የሚመጣ ዳሰነች አለ። ጨው፣ ሳሙና፣ ጨሌና ጄሪካን ዘርግቶ የተቀመጠው ነጋዴ ደግሞ ከኮንሶ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሰሜንም አገር የመጣ ነው። በደቡብ ኦሞ ብዙ ብሔረሰቦች ይኖራሉ። የቋንቋ ሊቃውንት የአገራችንን ቋንቋዎች በአራት ወገን ይመድቡአቸዋል፤ ሐመርኛ ከኦሟውያን፣ ዳሰነችኛ ከኩሻውያን፣ ኛንጋቶምኛ ከናይል ሰሐራውያን፣ አማርኛ ከሴማውያን ነው። እንግዲህ አራቱም ወገኖች በዚህ በአንድ ዞን ውስጥ እየተሰላለሙ ይኖራሉ ማለት ነው፤ ሰላምታው እርስ በርስ ባይገባም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከጂንካ የተነሣሁት ቅዳሜ ጧት ነበር፤ እሑድ በቱርሚ ቃለ እግዚአብሔር እንዳስተምር ታዝዤ ነበርና። መንገዱ በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሕዝቡ ቅጥቅጥ በሚለው አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁና የመጻሕፍቴን ከረጢት አጠገቤ አኖርሁት። ቦታው የተያዘ እንዲመስል ብዬ ያደረግሁት እንደ ሆነ ለአንባቢ አልሸሽግም። ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ቀን ነው። ከዚያ ስንደርስ ከገበያ የሚመለስ ሰው ተጨናንቆ ገባ። ከሁሉ በኋላም አንዲት የሐመር ሴት ልጅዋን አዝላ ወጣች። ፀጕሯ በቅቤና በቀይ አፈር ተለውሶ በቀጫጭኑ ተጐንጕኖአል፤ የለበሰችው በዛጎል ያጌጠ የፍየል ቆዳ ነው፤ በአንገትዋ ላይም ያገባች ሴት የምታደርገው የብረት ቀለበት አለ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንዳደረገ መንገር ያሳፍራል። አንዱ አፍንጫውን በነጠላው ያዘ፤ ሌላዋ ቦርሳዋን ወደ ጕያዋ ሳበች። እኔ አፍንጫዬን አልያዝሁም፤ ነገር ግን ቀይ አፈሩ እንዳይነካብኝ ነጩን ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁት፤ ከረጢቱንም ከቦታው አላነሣሁም። ሴቲቱም መኪናው ሲነቃነቅ የወንበሩን ብረት ይዛ ቆመች። ጥቂት ከሄድን በኋላ የመኪናው ረዳት፣ ዕድሜው ከ20 የማይበልጥ ልጅ፣ ወደ እኔ ቀርቦ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕቃዎን ላውርደው፤ ይህች እናት ሕፃን ይዛለች» አለኝ። አባ መባሌን ያን ጊዜ ጠላሁት። ከረጢቴን አንሥቼ በጕልበቴ ላይ አኖርሁ። ሴቲቱም ተቀመጠች፤ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። ሕፃኑም ጥቂት ሳይቈይ እንቅልፍ ወሰደውና ራሱን በትከሻዬ ላይ ጣለ።

ከዲመካ እስከ ቱርሚ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚያች አጭር መንገድ ግን አንድ ንባብ ከልቤ አልወጣ አለኝ፤ እርሱም በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የጃንደረባው ታሪክ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ እንመካለን፤ መመካታችንም የተገባ ነው። ነገር ግን በሠረገላው ላይ የሆነውን ልብ ብለን አይተነዋልን? ጃንደረባው የንግሥት ባለሟል፣ በግምጃ ቤት ሁሉ ላይ የተሾመ ነው። ፊልጶስ በእግሩ የሚሮጥ፣ አቧራ የለበሰ፣ ቋንቋውና ወገኑ ሌላ የሆነ መንገደኛ ነው። ጃንደረባው ይህን መንገደኛ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። እርሱም እንደ እኔ መጽሐፍ ይዞ ነበር። መጽሐፉን ግን ቦታ መያዣ አላደረገውም። ያን ቀን ጃንደረባው የኢሳይያስን ጥቅልል አጠገቡ አጋድሞ መንገደኛውን ቢያሳልፈው ኖሮ ጥምቀቱ እንዴት ይሆን ነበር?

ቱርሚ ደርሰን ስንወርድ ሴቲቱ በፈገግታ አንድ ቃል ተናግራኝ ሄደች፤ ቃሉ አልገባኝም። ጋቢዬን ብመለከት በቀኝ ትከሻው ላይ የሕፃኑ ራስ ያረፈበት ስፍራ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ ምልክት ታትሞበታል። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማስተማር ስነሣ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምልክቱ እንዳይታይ ጋቢዬን ገልብጬ ለበስሁ። የሰበክሁትም ስለ ሳምራዊው ነበር።

ሰኞ ጧት በከተማይቱ ትምህርት ቤት የሚማር አንድ የሐመር ልጅ አስከትዬ ወደ ገበያ ወጣሁ፤ ለጧፍ የሚሆን ሰም ፈልጌ ነበርና። ይህን ነገር ካህናት ወንድሞቼ ያውቁታል፤ ምእመናን ግን ብዙ ጊዜ አያስቡትም። በመቅደስ የሚበራው ጧፍ ከንብ ሰም የሚሠራ ነው። የሐመር፣ የበናና የበሻዳ ሰዎች ቀፎአቸውን በግራር ዛፎች ላይ እየሰቀሉ ንብ ያረባሉ፤ ማራቸውም በቅልና በጄሪካን እየሆነ በየገበያው ይወጣል። የሚሸጡት ከነሰፈፉ ያልተጣራ ማር ነው፤ ጠጅ ጣዩ ማሩን ወስዶ ሰፈፉ ሲነጠር ሰም ይሆናል። ዕጣን የሚንጠባጠብባቸው ዛፎችም በዚሁ ቆላ ይበቅላሉ። ይህን ሁሉ ቀድሞም አውቀው ነበር። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ በትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ማር ሲሸጥ ባየሁ ጊዜ፣ በስንት ቅዳሴ በዚህ ሰው ድካም ብርሃን ቆሜ ወንጌል እንዳነበብሁ አሰብሁ፤ ስሙን ግን አላውቅም።

በዚያ ቆሜ ሳለሁ ሌላ ነገር አየሁ፤ መናገርም መተውም ከበደኝ። ማርና ማሽላ ከባላገሩ የሚገዛ አንድ ነጋዴ በጣሳ ይሰፍራል። የጣሳዪቱ ወገብ ከውጭ ደኅና ይመስላል፤ ግርጌዋ ግን በመዶሻ ወደ ውጭ ተቀጥቅጦ ጐድጕዶአል። ባላገሩ አንድ ጣሳ ሰጠሁ ሲል የሚሰጠው ከአንድ ጣሳ በላይ ነው። ሲሸጥ ደግሞ የሚያነሣው ሌላ ጣሳ ነው። ሻጮቹ አማርኛ አያውቁም፤ ሒሳቡንም በጣታቸው ይቈጥራሉ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ በዚህ ቆላ ብዙ ከብት ሲያልቅ፣ ሰው የመጨረሻ ፍየሉን ይዞ የመጣው ወደ እንዲህ ዓይነቱ ገበያ ነበር። ይህ ነጋዴ ማን ነው? ያለፈው እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ በፊቴ ቆሞ ያስቀደሰ፣ ትምህርቱንም ሰምቶ እጄን የተሳለመ ሰው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ የተሰጠው ትእዛዝ የተጻፈው መጻተኛን እንደ ራስ ስለ መውደድ ከተሰጠው ትእዛዝ ቀጥሎ መሆኑ በከንቱ አይደለም። መጻተኛ የሚበደለው በዱላ ብቻ አይደለምና። እዚህስ መጻተኛው ማን ነው? ባለ አገሩ ሐመር ነው ወይስ ከሩቅ መጥቶ ሱቅ የከፈተው?

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ከኋላዬ ሣቅ ሰማሁ። ያች የአውቶቡሱ ሴት ናት። ልጅዋን እንደ ታዘለ ወደ ትከሻዬ አመልክታ ተናገረች፤ ጋቢው ሌሊት ታጥቦ ቀይ ምልክቱ አልለቀቀም ነበርና። ተማሪውም እንዲህ ሲል ተረጐመልኝ፦ «አባ፣ ልጄ ምልክት አድርጎብዎታል፤ ከእንግዲህ በዚህ ሲያልፉ እናውቅዎታለን ነው የምትለው።» ቅዳሜ ስንለያይ የተናገረችኝ ቃል ምን እንደ ነበር ጠየቅሁት። «ፈያ ነው አባ፤ ደኅና ማለት ነው» አለኝ። ከዚያም ሴቲቱ በግማሽ ቅል ሸፎሮ ቀድታ አቀረበችልኝ። ሸፎሮ ከቡና ገለባ የሚፈላ መጠጥ ነው፤ በደቡብ ኦሞ እንግዳ የሚቀበሉበት ነው።

እጄ ዘገየ። ምክንያቱን ካህናት ታውቁታላችሁ። ስለ ሥጋና ስለ መባልዕት ቤተ ክርስቲያናችን የምትጠብቀው ሥርዐት አለ፤ እኔም አክብሬ የምጠብቀው ነው። ነገር ግን በቅሉ ውስጥ ያለው የቡና ገለባና ውሃ ነው። እጄን ያዘገየው ሥርዐት አልነበረም፤ ሥርዐትን መጠጊያ ያደረገ መጸየፍ እንጂ። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ሳለ ከሰማይ የወረደውን ጨርቅ አይቶ ሦስት ጊዜ የተነገረውን፣ በኋላም በቆርኔሌዎስ ቤት ራሱ እንዴት እንደ ተረጐመው እናስብ። ራእዩ ስለ ምግብ ነበር፤ እርሱ ግን ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ መማሩን መሰከረ። ደግሞም በዚያ ጊዜ ያረፈው በማን ቤት ነበር? በስምዖን ቆዳ ፋቂው ቤት ነው። በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ሙያ ነበር። ሐዋርያው ከራእዩ አስቀድሞ በቆዳ ሽታ ውስጥ ያድር ነበር ማለት ነው። እኔ ግን 30 ኪሎ ሜትር አስመርሮኝ ነበር።

ቅሉን ተቀብዬ ጠጣሁ። ማር ሻጩ ሽማግሌም መቀመጫውን ጠጋ አደረገልኝና ከእርሱ ጋር እንድጠጣ ጋበዘኝ። በሐመር ዘንድ ቤል የሚሉት ወዳጅነት አለ፤ ሰው በሩቅ መንደር ወይም በሌላ ሕዝብ መካከል ወዳጅ ይይዝና ፍየል ወይም ከብት ይሰጠዋል፤ ይቀበለዋልም። በችግር ጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁም ባርጆ የሚሉት ቃል አላቸው፤ የቡናውን መጠጥ ከአፋቸው እፍ እያሉ ዝናብ እንዲመጣ፣ ልጅ እንዲያድግ፣ ከብት እንዲረባ ይጠሩታል። ባርጆ እኛ በረከት ከምንለው ጋር አንድ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለው ነገር በችኰላ ሊነገር አይገባም። ነገር ግን ለሰው ደኅንነትን መለመን ከእኛ ዘንድ ብቻ የጀመረ ይመስለኝ ነበርና፣ በዚያ መቀመጫ ላይ ሆኜ አፈርሁ።

ተማሪው ሽማግሌዎች የሚተርኩትን አንድ ታሪክም ነገረኝ። የሐመር ተራራ ቀድሞ ሰው አልነበረበትም ይላሉ። ባንኪማሮ የተባለ አባት ከአሪ አገር መጥቶ በተራራው ላይ እሳት አነደደ። እሳቱንም ያዩ ሰዎች አንዱ ከካራ፣ አንዱ ከፀማይ፣ ሌላው ከኮንሶ በኩል፣ ሌላውም ከሌላ ስፍራ እየመጡ በእሳቱ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ሐመር የተባለው ሕዝብ እንዲህ ሆነ። እንግዲህ በእነርሱው አነጋገር ሐመር የሆነ ሁሉ መጀመሪያ እንግዳ ነበረ። በጽርሐ ጽዮን የወረደውን እሳትና በየቋንቋው የተሰማውን ስብከት ያላሰበ ካህን ይኖራልን? በባቢሎን ቋንቋ ሲደባለቅ ሰዎች ተበተኑ፤ በጰራቅሊጦስ ቀን ግን ቋንቋዎቹ ብዙ እንደ ሆኑ ቀሩና ሰዎቹ ተሰበሰቡ። የጳርቴው ሰው ገሊላኛ እንዲማር አልተጠየቀም። በዚያች ዕለት የቋንቋውን ድካም የተሸከሙት ሰባክያኑ ናቸው። እኛ ግን በቱርሚ ሱቅ ከፍተን፣ በቱርሚም አስተምረን፣ ፈያ የምትባለውን አንዲት ቃል ሳንማር ዓመታት እናሳልፋለን።

የቤተ ክርስቲያናችን መሠረትም በአጋጣሚ ከተገኘ እንግዳ ጋር የተያያዘ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ የመጣች መርከብ ውሃ ፍለጋ ወደ ቀይ ባሕር ዳር በተጠጋች ጊዜ ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ፤ ሁለት ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲማሩ ተገኙና ተራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዱአቸው። ከሁለቱ አንዱ ፍሬምናጦስ ነው፤ በኋላ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ አባ ሰላማ የተባለው። ቋንቋው ሌላ፣ መልኩም ሌላ ነበረ። የክህነታችን ሐረግ የሚመዘዘው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው።

ከቀትር በኋላ ጐብኚዎች በመኪና መጡ። ይህ በቱርሚ የዘወትር ነገር ነው፤ የታችኛው የኦሞ ሸለቆ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ በውጭ አገር የታወቀ ነው። ካሜራ ያነሣሉ፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ብር ይከፍላሉ፤ ሴቶቹም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዱ ጐብኚ ፎቶግራፉን አንሥቶ ብሩን ከሰጠ በኋላ ሴቲቱ ፈያ ስትለው ዘወር አላለም። በልቤ ልፈርድበት ጀምሬ ነበር፤ ወዲያው ግን ከረጢቴ ትዝ አለኝ። እርሱ ቢያንስ ሊያያት ከሩቅ አገር መጥቶአል፤ እኔ አጠገቤ ቆማ አላየኋትም። ከቱርሚ ምዕራብ፣ በኦሞ ማዶ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ በ1959 ዓ.ም. የተገኘው የሰው ራስ ቅል በዓለም ከታወቁት የእኛ ዓይነት ሰዎች አጽሞች ሁሉ ከቀደምቱ አንዱ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ዕድሜውንም ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ያደርሱታል። የዘመኑን ቍጥር ለእነርሱ እንተወው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና አደባባይ የሰው ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ተገኘ ላስተማረው ትምህርት ግን ይህ ሸለቆ የማይስማማ ምስክር አይደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ስለ ምጽዋት ያስተማረው አንድ ታላቅ ትምህርት አለው። ያን ትምህርት ያስነሣው በክረምት ወደ ጉባኤው ሲመጣ በገበያውና በጠባቡ መንገድ ላይ ወድቀው ያያቸው ድኾች እንደ ሆኑ ራሱ ይናገራል። ስብከቱን የሰጠው መንገዱ ነው። ብዙዎቻችን ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዐይናችንን በምድር ላይ እናደርጋለን፤ ይህንም ጭምትነት እንለዋለን።

በዚያ ማታ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድሁ። «ወንድሜ፣ ያችን ጣሳ አሳየኝ» አልሁት። ፊቱ ተለወጠ። «አባቴ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሰፍረው። እኔ ብቻዬን ባስተካክል እከስራለሁ፤ አራት ልጆች አሉኝ» አለኝ። መቈጣት አልቻልሁም፤ ጋቢዬን ገልብጬ የለበስሁ ሰው ነበርሁና። ስለ ቅዳሜው አውቶቡስ ስለ ከረጢቱም ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩንም ጠጣን፤ ስለ ጣሳዪቱ ግን ሌላ ቃል ሳይናገር ሱቁን ዘጋ።

በማግሥቱ ወደ ጂንካ ተመለስሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተማሪው በስልክ ደወለልኝና ነጋዴው አዲስ ጣሳ ገዝቶ በእርስዋ እንደሚሰፍር ነገረኝ። «አሮጌዋስ?» አልሁት። «ከመደርደሪያው ሥር አለች አባ፤ አልጣላትም» አለኝ። ማር ሻጩን ሽማግሌ ስሙን ጠይቆ እንዲነግረኝም አደራ ብዬው ነበር፤ ሽማግሌው ግን ራሴ መጥቼ እንድጠይቀው ብሎአል።